የጉበት ትል፦ ከጨፌው እስከ ማዕዳችን



ውድ የጀመዓችን እህቶችና ወንድሞች፣ የዚህ እትም የትምህርት ዓምድ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። በዒድ አል-አድሐ (አረፋ) ሰሞን ቤተሰብ ዘንድ ሄደው ያረዱ ልጆች ሲመለሱ ደጋግመው ይጠይቁናል፦ የበጉ ሆድ ተከፍቶ ጉበቱ ሲወጣ ከውስጡ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ተገኘ፤ ይህ ጉበት ይበላል ወይ? ሥጋውስ? ኡድሒያውስ ተቀባይነት አለው? ጥያቄው ግማሹ የፊቅህ፣ ግማሹ የሕክምና ነው። የፊቅሁን ፍርድ ለዑለማዎቻችን ትተን፣ እዚህ የምናቀርበው እነሱ ፍርድ ሲሰጡ የሚያስፈልጋቸውን የነገሩን ምንነት ነው። ያም ሆኖ ሐዲሱ ላይ የተቀመጠውን መስፈርት በቦታው እንጠቅሳለን።

ከመካከላችን ብዙዎች የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የጂጋ፣ የደምበጫና የሽንዲ ልጆች ነን። በእኛ አገር ትሉን የማያውቅ የለም። እናቶቻችን ጉበት ሲከትፉ ያገኙታል፤ የተበላሸውን ቆርጠው ይጥሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ይኸው ትል የሰው ጉበት ውስጥም ገብቶ ለዓመታት ሊኖር መቻሉን ነው።

ትሉ ማን ነው?

የጉበት ትል በሳይንስ ስሙ ፋሲዮላ ይባላል። በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ። ፋሲዮላ ሄፓቲካ የሚባለው እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ የሚባለው ደግሞ ቀጠን ብሎ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም ጠፍጣፋና ቡናማ ሲሆኑ የሚኖሩት ሐሞት በሚተላለፍባቸው የጉበት ቱቦዎች ውስጥ ነው። አንዳንድ ሰው ከአልቅት ጋር ያምታታዋል። አልቅት ከብቱ ውኃ ሲጠጣ አፉና አፍንጫው ውስጥ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ሌላ ፍጡር ነው፤ ጉበት ውስጥ አይገባም።

የትሉ ኑሮ ጠመዝማዛ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። ይህ ከገባን የቀረው ሁሉ ይገባናል።

አንድ የጎለመሰ ትል በቀን እስከ 20 ሺህ የሚደርስ እንቁላል ሊጥል ይችላል። እንቁላሉ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወርድና ከእንስሳው እበት ጋር ይወጣል። እበቱ ደረቅ መሬት ላይ ከወደቀ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። ውኃ ወይም ረግረግ ላይ ከወደቀ ግን፣ አየሩ ሞቅ ያለ ከሆነ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ በዓይን የማይታይ ነው። በላዩ ባሉት ጥቃቅን ፀጉሮች እየቀዘፈ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቀንድ አውጣ ነው። በአንድ ቀን ገደማ ካላገኘ ይሞታል።

ቀንድ አውጣ ሁሉ አይሆነውም። ሊምኒያ የሚባለው ወገን መሆን አለበት። ሄፓቲካ የሚፈልገው ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ጭቃ ዳር የሚኖር ትንሽ ቡናማ ቀንድ አውጣ ነው፤ ጃይጋንቲካ የሚፈልገው ደግሞ ተለቅ ያለውንና ውኃው ውስጥ የሚውለውን ነው። እጩ ቀንድ አውጣው ውስጥ ከገባ በኋላ ይባዛል። አንድ ሆኖ የገባው በመቶዎች የሚቆጠር ሆኖ፣ ጅራት አብቅሎ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ከዚያ ጥቂት ዋኝቶ በአቅራቢያው ባገኘው ሣር ወይም ቅጠል ላይ ይለጠፋል፤ ጅራቱን ይጥላል፤ ጠንካራ ልባስ ይለብሳል። በዚህ ሁኔታ እርጥበት እስካለ ድረስ ለወራት ሳይሞት ይጠብቃል። ጥቂቱም ቅጠል ሳይዝ ውኃ ላይ ተንሳፎ ይቀራል።

በሬው ወይም በጉ ያንን ሣር ሲግጥ፣ ወይም ሰው ያንን ቅጠል ጥሬውን ሲበላ፣ ልባሱ አንጀት ውስጥ ይሟሟል። የወጣው ትንሽ ትል የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ወደ ሆድ ዕቃው ክፍተት ይገባል፤ ከዚያ የጉበቱን ሽፋን ይበሳል፤ ለሳምንታትም ጉበቱን እየበላ በውስጡ ይጓዛል። በመጨረሻ የሐሞት ቱቦ ሲያገኝ ተደላድሎ ይቀመጣል። በሰው ላይ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጅበታል። ይህን የሦስት አራት ወር ዝምታ ያዙልን፤ ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ ይመጣል።

እንግዲህ ትሉ ከበግ ወደ በግ፣ ከከብት ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። መካከል ላይ ቀንድ አውጣና እርጥብ ቅጠል የግድ መኖር አለባቸው። ይህን ዙር እንግሊዛዊው ቶማስና ጀርመናዊው ሎይካርት በየፊናቸው የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ሰዎች በሽታው ከረግረግ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ እንዴት እንደሚመጣ ግን አያውቁም ነበር። የእኛም እረኞች ጨፌ ላይ የዋለ በግ እንደሚከሳ ያውቃሉ።

ምዕራብ ጎጃም ለምን ተመቸው?

ይልማ ጆብሬና ጆን ማሎን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የዝናብ፣ የሙቀትና የከፍታ መረጃ በማቀናጀት ትሉ በኢትዮጵያ የት የት እንደሚስማማው ካርታ ሠርተዋል። በእነሱ አገላለጽ ሄፓቲካ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1200 እስከ 2560 ሜትር ባለው ቦታ ይገኛል፤ ጃይጋንቲካ ከ1800 ሜትር በታች ነው፤ ከ1200 እስከ 1800 ባለው መካከል ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ፍኖተ ሰላም 1900 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ቡሬ ደግሞ 2100 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ሁለቱም የሄፓቲካ አገር ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ከቡሬ በሽንዲ በኩል ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ደግሞ ወደ ሁለቱ መደባለቂያ እንገባለን። አንድ ወረዳ ውስጥ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ሲገናኙ ትሎቹም ይገናኛሉ።

የክረምቱ ዝናብ ብዙ ነው፤ ዋልካው አፈር ውኃ ያቁራል፤ ላህ፣ ብርና ፈጣምን የመሳሰሉ ወንዞች ዳርና ዳር በጨፌ የተከበቡ ናቸው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣው ይራባል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሣሩ በልባሰ እጭ ይሞላል። ያኔ የተበላው ትል ታኅሣሥና ጥር ላይ ጎልምሶ ይገኛል።

አስቸጋሪው ግን በጋው ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ሜዳው ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ጨፌው ብቻ ነው። ገበሬው ወዶ አይደለም ከብቱን እዚያ የሚያሰማራው፤ ሌላ ሣር የለም፣ ሌላ ውኃም የለም። ስለዚህ የመንደሩ ከብት፣ በግና አህያ ሁሉ በአንድ ላይ እዚያው ይግጣል፣ እዚያው ይጠጣል፣ እዚያው እበቱን ይጥላል። “ከረግረግ አርቁ” የሚለው ምክር መጽሐፍ ላይ ቀላል ነው። የግጦሽ መሬቱ ከዓመት ዓመት እየታረሰ በጠበበበት አገር ግን ምክሩን ለመፈጸም ገበሬው ምትክ መኖ ማግኘት አለበት።

መስኖውም ሌላ ገጽታ አምጥቷል። መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን ግድብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ 7000 ሄክታር ገደማ ለማልማት የታቀደ ነው። በየወረዳው ደግሞ ከምንጭና ከወንዝ የተጠለፉ ትንንሽ ቦዮች አሉ። መስኖ ረዝቅ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ውኃ የማያጣ ቦይ ለቀንድ አውጣውም ዓመቱን ሙሉ ቤት ይሆነዋል። በተለይ ቦዩ ካልተጠረገ፣ ሣር ከሞላውና ውኃው ከተኛ።

ቆርጠን የምንጥለው ትንሹን ነው

በግና ከብት በሽታውን የሚቀበሉት በተለያየ መንገድ ነው። የበሬ ጉበት ይታገላል፤ የሐሞት ቱቦዎቹ ይወፍራሉ፣ ይጠነክራሉ፣ ኖራ እንደተለሰነ ሆነው ይቀራሉ፤ ቢላ ሲያልፍባቸው ይንኳኳል። በሬው አይሞትም፤ ሲከሳና ሲደክም ይኖራል። ላሟ ወተቷ ይቀንሳል፤ የምትወልድበት ጊዜ ይራዘማል። በግ ግን ደካማ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ልባሰ እጭ ከበላ፣ ትሎቹ ገና ጉበቱን እየሰነጠቁ ሲጓዙ ደም ፈሶት በድንገት ይሞታል። ማታ ደህና የነበረ በግ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ ዓይን በላው፣ እባብ ነደፈው ይባላል። ጉበቱን ከፍቶ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በበጎች ላይ ብቻ ትሉ በዓመት 48.4 ሚሊዮን ብር እንደሚያሳጣ ገምቶ ነበር። ብሩ የዚያን ጊዜ ብር መሆኑን አትርሱ። እኛን ያስገረመን ጠቅላላው ቁጥር ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። ከኪሳራው ከመቶ 46.5 የሚሆነው በሞት፣ 48.8 የሚሆነው በክብደት መቀነስና በመራባት ችግር የመጣ ነበር። ተቆርጦ የተጣለው ጉበት ድርሻ ከመቶ 4.7 ብቻ ነው። ዓይናችን የሚያየው ያንን ነው። የቀረው ከመቶ 95 ሳናየው ያለፈ ነው፤ ያልተወለደ ግልገል፣ ያልታለበ ወተት፣ ያልጎተተ ሞፈር።

ቀስ ብሎ የሚገድለው ዓይነት ምልክቶች አሉት። በጉ ይከሳል፤ ጠጉሩ በእጅ ሲነካ ይነቀላል፤ የዓይኑ ሽፋን ተገልብጦ ሲታይ ከቀይነት ወደ ነጭነት ይሄዳል። መንጋጋው ሥር ለስላሳ እብጠት ይወጣል። እብጠቱ በጉ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ውሎ ማታ ይጨምራል፤ አድሮ ጠዋት ይቀንሳል። ገበያ የሚወጣው ደግሞ ጠዋት ነው! ማታ ያየውን እብጠት ጠዋት ለገዢው ሳይነግር የሚሸጥ ሰው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው ከሥሩ እርጥብ ያገኙበትን ነጋዴ ታሪክ ያስታውስ። ጉድለቱን ከላይ አድርጎ ማሳየት ነበረበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ የመንጋጋ ሥር እብጠትና የዓይን መንጣት በሌላ ደም በሚመጥ የጨጓራ ትልም ይመጣል፤ ስለዚህ ምልክቱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ የእበት ምርመራ ያስፈልጋል።

ሰውንስ እንዴት ይይዛል?

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ70 በሚበልጡ አገሮች ቢያንስ 2.4 ሚሊዮን ሰው በጉበት ትል እንደተያዘ ይገምታል። የቦሊቪያ ደጋማ ሜዳና በግብፅ የናይል ደለል ምድር ስማቸው በብዛት ይነሣል። የግብፁን ጉዳይ ልብ ብለን ብናየው ይጠቅመናል። ውኃው ከእኛው የሚወርደው አባይ ነው፤ ሰዉ ገበሬ ነው፤ ጥሬ ቅጠል ይበላል፣ ቅጠሉንም ብዙ ጊዜ በመስኖ ቦይ ያጥባል። በዚያ ለተማሪዎች ምርመራ ተደርጎ ለተገኘባቸው መድኃኒት ሲሰጥ በሽታው ቀንሷል።

በእኛ በኩል ደግሞ በጣና ተፋሰስ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ከተመረመሩት ልጆች ከመቶ 3 ገደማ በሚሆኑት ሰገራ ውስጥ የትሉ እንቁላል ተገኝቷል። ጥሬ አትክልት መብላት፣ ንጹሕ ያልሆነ ውኃ መጠጣት፣ መስኖ መጠቀምና በግ ወይም ከብት ማርባት ከበሽታው ጋር ተያይዘው ታይተዋል። ሦስት ከመቶ ትንሽ ይመስላል። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ካለ ግን ሁለት ልጅ ማለት ነው።

የአበሻ ምግብ በአብዛኛው የበሰለ መሆኑ ጠብቆናል። ጎመኑ ይቀቀላል፣ ወጡ ይንተከተካል። ክፍተቱ ያለው በጥሬው በምንበላው ላይ ነው፤ በመስኖ ዳር የበቀለ ሰላጣ፣ ከቦዩ ዳር ተቆርጦ በጥርስ የሚላጥ ሸንኮራ፣ እረኛ ልጆች ከጨፌው ነቅለው የሚያኝኩት ጣፋጭ የሣር አገዳ። በውኃ ማለቅለቅ አቧራውን እንጂ ልባሱን ሙሉ በሙሉ አያስለቅቅም፤ ተጣብቋል። ማብሰል ይገድለዋል። ውኃም እንደዚሁ፣ ፈልቶ ከተጠጣ ስጋት የለውም። ወንዝ ዳር ውዱእ ስናደርግ የተጉመጠመጥነውን ውኃ መትፋት እንጂ መዋጥ እንደሌለብን ማንም ያውቃል፤ ልጆችን ግን ማስታወስ ይጠቅማል።

ስለ ጫትም እናንሣ፤ ሳናነሣው ብናልፍ ይህን የሚያነብ ሁሉ ይታዘበናል። የጫትን ፍርድ እዚህ አንነካም። የሕክምናውን ብቻ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1995 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ለንደን ውስጥ ከውጭ በገባ ጫት አማካይነት በጉበት ትል ስለመያዝ ጽፏል። ነገሩ አያስገርምም፤ ጫት ሳይበስል የሚታኘክ፣ እንዳይደርቅ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚጓዝ ተክል ነው። ልባሰ እጩ የሚፈልገው እርጥበት ደግሞ ይኸው ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ በመስኖ የሚለማ ጫት መኖሩን እናውቃለን። በፈተና ሰሞን ዶርም ውስጥ የሚሆነውንም እናውቃለን።

“ጨጓራ ነው፣ ታይፎይድ ነው”

በመጀመሪያዎቹ ወራት ትሉ ጉበት ውስጥ ሲጓዝ ትኩሳት ይመጣል፤ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች ያማል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ክብደት ይቀንሳል፤ አንዳንዱ ሰው ቆዳው ያብጣል፣ ያሳክከዋል። ሐኪም ቤት ሲኬድ ታይፎይድ ወይም ጨጓራ ተብሎ መድኃኒት ይሰጣል። ሰገራ ቢመረመር ንጹሕ ነው። ያልነውን የሦስት አራት ወር ዝምታ አስታውሱ፤ ትሉ ገና እንቁላል አልጣለም! በዚህ ጊዜ ፍንጭ የሚሰጠው የደም ምርመራ ነው፤ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጣም ከፍ ብለው ይገኛሉ። ትኩሳት፣ የቀኝ ጎን ሕመምና ከፍ ያለ ኢዮሲኖፊል አንድ ላይ ከመጡ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁም “ቤታችን ጨፌ አጠገብ ነው፣ ጥሬ ቅጠል እበላለሁ” ብላችሁ ንገሩት።

ከዚያ ሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል። ትሉ የሐሞት ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ሰው ለዓመታት ምንም አይሰማውም። ትሉ ሰው ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ሌላው ደግሞ ቱቦው ይዘጋበታል፤ ሕመሙ የሐሞት ጠጠር ይመስላል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ያኔ “የወፍ በሽታ ነው” ተብሎ ወደ ቅጠል በጣሽ ይኬዳል። የቢጫነቱ ምክንያት ትል ይሁን፣ ቫይረስ ይሁን፣ ጠጠር ይሁን ሳይለይ የሚጠጣ ሥር፣ ቀድሞ የተጎዳን ጉበት የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

በዚህኛው ምዕራፍ እንቁላሉ ሰገራ ውስጥ ይገኛል፤ ቁጥሩ ግን ትንሽ ስለሆነና በየቀኑ ስለማይወጣ አንድ ጊዜ ታይቶ “የለም” ማለት አይበቃም። ናሙናው ውኃ ውስጥ ተበጥብጦ ሲዘቅጥ ከሥር ያለውን ማየት የተሻለ ነው፤ እንቁላሉ ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል።

አሁን ዱለት የሚወዱ ያድምጡን። ትል ያለበት ጉበት ለብ ለብ ተደርጎ ሲበላ፣ ውስጡ የነበረው እንቁላል በአንጀታችን አልፎ እንዳለ ይወጣል። ላቦራቶሪው ያየውና “ጉበት ትል አለብህ” ይላል፤ ሰውየው ግን አልታመመም፤ እንቁላሉ መንገደኛ ነው። ከእንቁላል ደግሞ ሰው አይያዝም፤ የሚያሲዘው ቅጠል ላይ ያለው ልባስ ነው። ስለዚህ እንቁላል የተገኘበት ሰው ለጥቂት ቀናት ምንም ዓይነት ጉበት ሳይበላ ቆይቶ ደግሞ መመርመር አለበት። ብዙ ሰው የሚያስበው ተገላቢጦሹን ነው፤ ጉበቱን ይፈራል፣ ሰላጣውን ይበላል። እርግጥ ጥሬ ጉበትና ጥሬ ሥጋ የራሳቸው ሌላ ጣጣ አላቸው፤ ያ ሌላ ትምህርት ነው።

የበሽታው መድኃኒት ትሪክላቤንዳዞል ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው። አምራቹ ኖቫርቲስ ለድርጅቱ በነፃ ይሰጣል፤ ይሁንና በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ የሚገኝ አይደለም። በትምህርት ቤት ለሆድ ትላትል የሚታደለው አልቤንዳዞል ይህን ትል ለመግደል አስተማማኝ አይደለም። ለብልሃርዝያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ሌሎቹን ጠፍጣፋ ትሎች ሲገድል ይህን ግን አይረባውም። “ባለፈው የትል መድኃኒት ወስጃለሁ” ማለት ከጉበት ትል አያስመልጥም። ደግሞም የእንስሳው ትሪክላቤንዳዞል ገበያ ላይ ይገኛልና “ያው ነው” ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ለበግና ለከብት የተዘጋጀ መጠጥ ለሰው አይሰጥም፤ መጠኑም አብሮት ያለው ነገርም የተለየ ነው። ሐኪሙ በሽታውን ካረጋገጠ መድኃኒቱን በጤና ቢሮ በኩል ማስጠየቅ ነው ትክክለኛው መንገድ።

የአረፋው በግ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አል-በራእ ኢብን ዓዚብ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ለኡድሒያ የማይበቁ አራት እንስሳት ተጠቅሰዋል፤ አንድ ዓይናማነቷ ግልጽ የሆነ፣ በሽታዋ ግልጽ የሆነ፣ አንካሳነቷ ግልጽ የሆነና መቅኔ እስክታጣ የከሳች። “ግልጽ” የሚለውን ቃል ያዙ። ሲገዛ ደህና የነበረ፣ ታርዶ ሲከፈት ጉበቱ ላይ ሁለት ትል የተገኘበት በግ አንድ ነገር ነው። አጥንቱ የገጠጠ፣ መንጋጋው ሥር ያበጠ፣ መቆም ያቃተው በግ ደግሞ ሌላ ነው። የመጨረሻውን ቃል ከአካባቢያችሁ ዓሊም ጠይቁ፤ ስትጠይቁ ግን በጉ ቆሞ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ጨምራችሁ ንገሯቸው። ከመግዛታችሁ በፊት የዓይኑን ሽፋን ገልብጡ፣ ከመንጋጋው ሥር ዳብሱ፣ ጀርባውን በእጃችሁ ጫኑ። ሻጩን ደግሞ የትል መድኃኒት መቼ እንደሰጠው ጠይቁት። መድኃኒት የወሰደ እንስሳ ሥጋውና ወተቱ እስኪጠራ መቆያ ቀናት አሉት፤ በዕቃው ላይ ተጽፏል።

ሥጋው ላይ ትሉ የለም፤ ትሉ የጉበት ነው። ጉበቱ ላይ ጥቂት ቱቦ ብቻ ከተነካ፣ የተነካው ክፍል በሰፊው ተቆርጦ ወጥቶ የቀረው በደንብ በስሎ ይበላል። ጉበቱ ጠንክሮ፣ ጎርበጥባጣ ሆኖ፣ ቱቦዎቹ ነጭ ገመድ ከመሰሉ ሙሉውን መተው ነው። በቄራ የሥጋ መርማሪው የሚወስነው ይህንኑ ነው፤ በግቢ ሲታረድ ግን መርማሪው እኛው ነን።

የተጣለው የት ይሄዳል? አብዛኛውን ጊዜ ለውሻ። የጉበት ትሉ ከጉበት ወደ ውሻ አይሻገርም፤ ይሁን እንጂ በዚያው ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካያችሁ እሱ ሌላ ነገር ነው። ሃይዳቲድ ይባላል፤ ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆንና እንቁላሉ ከውሻው ወደ ልጆች እጅ ይመለሳል። ስለዚህ የተበላሸ ጉበት፣ ምንም ይሁን ምን፣ ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። የሐሞት ከረጢቱንና የአንጀቱን ፈርስ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። ትል ካለበት በግ የወጣ ሐሞት በእንቁላል የተሞላ ነው፤ እንቁላሉን ወደሚፈልገው ቦታ በእጃችን ማድረሳችን ነው።

ቤት ስንሄድ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ውኃ በሚወርድበት፣ በሚተላለፍበት መንገድና በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ከልክለዋል። ለዚህ በሽታ ግን የሰው መጸዳጃ ቤት ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኛው እንቁላል የሚወጣው ከከብትና ከበግ ነው። ምንጩ በእንጨት ወይም በእሾህ ቢታጠርና ውኃው በቦይ ወጥቶ ከታች ባለ ገንዳ ከብቱ ቢጠጣ፣ የሰውም የከብትም ውኃ ይተርፋል። ይህ ሥራ ገንዘብ ሳይሆን የሁለት ቀን ደቦ ይፈልጋል።

ከጨፌው የታጨደ ሣር ወዲያው ከሚሰጥ ይልቅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ቢደርቅ ልባሰ እጩ ይሞታል፤ እርጥቡን ከቆለሉት ግን ይቆያል። ጨፌው ላይ የግድ ከተሰማራም ጥጆችና ግልገሎች ወደ ዳገቱ ቢቀሩ ይሻላል።

መድኃኒቱን በተመለከተ አባቶቻችን የሚጠይቁን “የትኛው ይሻላል?” ብለው ነው። አይቨርሜክቲን ለዚህ ትል አይሠራም። አልቤንዳዞል የሚገድለው የጎለመሰውን ብቻ ስለሆነ ጥቅምት ላይ ቢሰጥ ገና በመጓዝ ላይ ያለውን ያልፈዋል፤ ጥር ላይ ቢሰጥ ግን ያገኘዋል። ትሪክላቤንዳዞል ትንሹንም ትልቁንም ይገድላል። እሱንም በዓይን ግምት፣ ግማሽ ግማሽ እያሉ መስጠት ትሉን ያለማምደዋል፤ አውስትራሊያ ውስጥ መድኃኒቱን የሚቋቋም ትል የታየው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ ጊዜ መስጠት ደግሞ ሐምሌ ላይ ጨፌው ላይ የሚወድቀውን እንቁላል ይቀንሳል። ጊዜው እንደየቦታው ስለሚለይ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፤ ስትሄዱም ከሁለት ሦስት እንስሳት ትኩስ እበት በየራሱ ላስቲክ ቋጥራችሁ፣ የማን እንደሆነ ጽፋችሁበት ውሰዱ። መሬት ላይ አድሮ የደረቀ እበት ለምርመራ አይሆንም።